ወንድሜ ሶባ ላይ ሲወድቅ

ከካርቱም ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «መዲና፣ ሁለቱ አባይ የሚገናኙበትን አየሽው?» አይቼዋለሁ፤ ከሃፍላ መስኮት፣ በቆመ ሰው ብብት ስር አሾልቄ። ሃፍላ ማለት የከተማ አውቶቡሳቸው ነው። ውሃው ያምራል። ከዚያ በላይ ስለ አባይ የምለው የለኝም። እኔ ካርቱም የሄድኩት ወንድሜን አንጠልጥዬ ላመጣ ነው፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ጉዞው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነበር። እዚህ ስማቸውን የማነሳቸው ሰዎች ሁሉ ኋላ በሰላም ወጥተዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ ሆዳችሁ ሳይባባ አንብቡኝ።

ኮምቦልቻ ገበያ ጥግ የስፌት መኪና አለኝ። አንድ ቀን ከካርቱም የተመለሰች ልጅ ቀሚስ ልታስጠብብ መጣችና ወገቧን ስለካት «ይማምን አየሁት እኮ» አለችኝ። ይማም ታናሽ ወንድሜ ነው። እኛ የምናውቀው እዚያ የቀን ሥራ እንደሚሠራ ነው። «ሶባ የሚባል ሰፈር በየጁምዓው ትግል ይታገላል» አለች ልጅቱ። «በየጁምዓው ይጥሉታል። ሰዉ ይጮህበታል፣ ጫማ ይወረውርበታል። እሱ ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ምን እንደነካው እንጃ!»

እማዬ እዚያው ጥግ ተቀምጣ የቀሚስ ቁልፍ እየለየችልኝ ነበር። እጇ ቆመ። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በዒድ ሜዳ ትግል ጀርባው አፈር ሳይነካ የሞተ ሰው ነው፤ ቢያንስ እማዬ እንደምትለው። የዚያ ሰው ልጅ በየሳምንቱ በጀርባው ይዘረራል መባሉ እሷን በቁሟ እንደመቅበር ነው።

«ሂጂ» አለችኝ። «አንጠልጥለሽ አምጪው። የሰው አገር ሰው እንደ ሰሌን መሬት ላይ ያንጥፈው ብዬ አይደለም ያጠባሁት።»

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። እማዬ ለይማም ብላ በርበሬ በከረጢት፣ በሶ በላስቲክ አስራልኛለች። «ለሚመለስ ልጅ በርበሬ ተሸክሜ የምሄደው ለምንድን ነው?» ብላት «መንገድ ላይ ይበላዋል» አለችኝ። ከእናቴ ጋር ክርክር ውሃ ወቀጣ ነው። ተሸክሜ ወጣሁ።

ጋሸና ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳና ብርድ ላይ ቆመን ስንንቀጠቀጥ፣ አንዲት እናት ከቤታቸው ወጥተው ትኩስ ቅቅል ድንች አደሉን። ማን እንደሆንን እንኳ አልጠየቁም። ጎንደር ስንገባ ፀሐይ ጠልቃለች። ያረፍኩበት ክፍል መቆለፊያው አይሠራም፤ የበርበሬውን ከረጢት በሩ ስር ደግፌ ተኛሁ። ሌባ ቢመጣ እሱ ይበቃዋል።

ማክሰኞ

ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ብቻ ነው። አይከል ላይ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ገንዳ ውሃ ላይ ደግሞ ቆዳዬንም ማውለቅ አማረኝ። መተማ ያሳደሩኝ ሴትዮ አልጋዬን አውጥተው ግቢው መሀል ዘረጉት። «እዚህ ቤት ውስጥ የሚተኛ የታመመ ብቻ ነው» አሉኝ። በእኛ ሰፈር ውጭ የሚያድር ከቤተሰብ የተጣላ ሰው ነው፤ ሰማዩን እያየሁ ከማን ጋር እንደተጣላሁ ሳስብ ቆየሁ።

ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው። «በየጁምዓው ይጥሉታል?» አሉ። «በየጁምዓው።» ከንፈራቸውን መጠጡና ተነሱ። ተመልሰው ሲመጡ እግሬን የምታጠብበት ተጨማሪ ውሃ ይዘዋል። የውሃውንም ሒሳብ አልተቀበሉኝም።

ረቡዕ

ድልድዩን ተሻግሬ ገላባት ላይ ማኅተም ተመታልኝና የሱዳን አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ለስላሳ ወንበር፣ የማይከፈት መስኮት፣ ከጣራው ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ። ምነው የእኛም እንዲህ በሆነ እያልኩ ነበር፤ ምቀኝነቴ ግን ገዳሪፍን ብዙም አላለፈም።

ከረጢቱ ተቀደደ። ከላይ ካለው ዕቃ መጫኛ ላይ የእማዬ በርበሬ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፣ ያ ማቀዝቀዣ ደግሞ ተቀብሎ ለሁሉም እኩል አደለ። መጀመሪያ ከፊት አንድ ሰው አስነጠሰ። ቀጥሎ ሚስቱ። ከዚያ አውቶቡሱ በሙሉ! ሹፌሩ እያነባ ዳር ያዘና ሁላችንም ወረድን። እኔ አፈር ሁኚ ብባል እሺ የምልበት ሰዓት ነው። አገሬ ቢሆን ስድቡ እስከ ሰባት ቤቴ ይወርድ ነበር። እዚህ ግን ሳቁ። አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ «መዓሌሽ፣ ያ ኡኽቲ» አሉኝ፤ አይዞሽ እህቴ እንደማለት ነው። የራስ ጥምጣማቸውን ፈቱ፤ ተፈቶ አያልቅም። በዚያ ነጭ ጨርቅ የተቀደደውን ከረጢት ጠቅልለው አሰሩልኝ። እስከ ካርቱም ባዶ ራሳቸውን ሄዱ። ልመልስ ብዬ ብለምን አሻፈረኝ አሉ። የሰው ጨዋ አገር አይመርጥም።

ካርቱም የተቀበለችኝ ሰዓዳ ናት፤ የወረኢሉ ልጅ፣ አርካዊት ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ የቤት ሠራተኛ። ለዕረፍቷ ቀን ከሌሎች የወሎ ሴቶች ጋር አል-ሳሃፋ ሰፈር የተከራየችው ክፍል አላት። ከአሠሪዎቿ ፈቃድ ጠይቃ እኔን ልትቀበል መጥታለች። አልጋዋን ለኔ ሰጥታ ራሷ ምንጣፍ ላይ ተኛች። ተዪ ብላት ማን ሰምቶኝ! ራት ኪስራ አቀረበችልኝ። እንጀራ ይመስላል ብለውኝ ነበር፤ እንጀራ አይደለም፤ በላዩ ጋዜጣ ይነበባል። ከደረቀ ባምያ ወጥ ጋር ግን አፌ ውስጥ ሟሟ፣ ደግማ ስታነሳልኝ እምቢ አላልኩም።

«ይማም እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት።

«እትዬ መዲና፣ ወላሂ ደህና ነው። ግን እኛ ሐበሾቹ ሶባ አንሄድም፤ ሲወድቅ ማየት ያሳፍረናል።»

እንቅልፌ እዚያ ላይ ተሰናበተኝ።

ሐሙስ

ይማም ከስቶ፣ ተጎሳቁሎ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። በሩን ሞልቶ ገባ፤ አንገቱ የበሬ አንገት። «እታለም!» ብሎ ከመሬት አነሳኝ። ከሳቁ በላይ ያናደደኝ መወፈሩ ነው፤ ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እየተደበደብክ ነው የወፈርከው?» አልኩት።

«ኧረ ማን ሊደበድበኝ! ያላ፣ ተነሺ፣ ላሳይሽ።»

የሶባ መንገድ ረጅም ነው። በሃፍላው ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚል የለም። መውረድ የፈለገ ጣቱን ቀጭ ያደርጋል፣ ሹፌሩ ያን ሁሉ ጫጫታ አልፎ ይሰማል። እኔ ቀጭ ማድረግ አቅቶኝ በአማርኛ ጮህኩ፤ ቆመልኝ። ስንወርድ ይማም በየአጥሩ ጥግ ካሉት ለአላፊ አግዳሚ ከተቀመጡ የሸክላ ጋኖች በአንዱ ውሃ ቀዳልኝ። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ይህን ደግሞ ለኮምቦልቻ እመኛለሁ፤ ጣሳው እስከ ማግስቱ የሚቆይ ከሆነ።

የትግሉ ቦታ የጡብ አጥር ያለው ግቢ ነው። መሀሉ ላይ በበርሜል የተደገፈ ጣውላ፣ በላዩ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ የተወጠረ ሸራ፣ ዙሪያውን ገመድ። እዚያ ሁለት ሰዎች አስተዋወቀኝ። አንደኛው ዓም ኩኩ ነው፤ ዓም ማለት አጎት። ከኑባ ተራሮች የመጣ ሽማግሌ፣ በወጣትነቱ የእውነት ታጋይ፣ አሁን የዚህ ትርዒት ባለቤት። ሁለተኛው ሙሳ ነው። ቀን ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ጁምዓ ጁምዓ «ተምሳሕ» ይባላል፤ አዞ። የኔ ወንድም ደግሞ «መርፈዒን» ነው፤ ጅብ። በየሳምንቱ አዞው ጅቡን ይጥላል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ?»

«እናውቃለን።»

«ሰዉስ?»

«እሱም ያውቃል።»

«ታዲያ ውሸት ነው በለኛ! እናቴን በውሸት ነው የምትገድላት?»

ይማም ገመዱ ላይ ተደግፎ ፈገግ አለ። «እታለም፣ ባንቺ ሠርግ ማን ነበር በሩን ይዞ ሙሽራውን አናስገባም ያለው?»

«አንተና የአክስቴ ልጆች።»

«መጨረሻው መግባቱ እንደሆነ ያላወቀ ሰው ነበር?»

«ማን ያጣዋል!»

«ግን በሩን ዝም ብለን ብንከፍትለት ኖሮ ሠርግ ይሆን ነበር?»

ያን ቀን የባሌ ሚዜዎች በሩ ላይ ሲገፉ፣ እነ ይማም ሲመልሱ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር ትዝ አለኝ። ባይገባስ ብዬ እኮ ፈርቼ ነበር!

ዓም ኩኩ ምን እንዳወራን ጠየቀና ይማም ሲነግረው ጭኑን መታ። ይማም እየተረጎመልኝ ሽማግሌው እንዲህ አለኝ፤ «በኛ ተራራ ትግል የእውነት ነው፤ የወደቀ ወደቀ። ይሄ ተረት ነው። ተረት ያለ ጅብ አይሆንም። አንበሳ ልሁን፣ አዞ ልሁን የሚል ሞልቷል። ጅብ ልሁን የሚል፣ ተጠልቶ ቤቱ በደስታ የሚገባ ግን ከየት ይመጣል? ይህን ልጅ ከወሰድሽብኝ ሙሳ ማንን ይጥላል?»

ሙሳም ጨመረበት። «የሚጥለው እኔ ነኝ፣ የሚያስጥለኝ እሱ ነው። እሱ ካልዘለለልኝ እኔ ይህን ሬሳ ማንሳት እችላለሁ?»

ከዚያ ይማም መውደቅ ላስተምርሽ አለኝ። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት! ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው አለመኖሩን አይቼ ሸራው ላይ ወጣሁ። «አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ። ትንፋሽሽን አስወጪ። ከጀርባሽ ጋር እኩል መዳፍሽ ይረፍ፤ መሬቱን በጥፊ በዪው።» ወደቅኩ። ጣውላው ከስሩ ባዶ ስለሆነ እንደ ነጋሪት ጮኸ። አላመመኝም! ስነሳ እየሳቅኩ ነበር፣ ደግሜ ወደቅኩ።

ስንወርድ ግን ፊቴን ኮስተር አደረግኩ። «እማዬ አምጪው ብላለች።»

ይማምም መሳቁን ተወ። «ነገ እዪኝ። አይተሽ ካፈርሽብኝ፣ ወላሂ፣ ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ አብሬሽ እሳፈራለሁ። ዛሬውኑ አስረዋለሁ።» እጁን ዘረጋ፣ መታሁለት። «አንድ ነገር ብቻ፤ ስወድቅ ድምፅሽን እንዳታሰሚ። እየሮጥሽ መጥተሽ ካቀፍሽኝ አለቀልኝ።»

ምሽቱን የሙሳ እናት ቤት ጋበዙን፤ ሐቦባ ዘይነብ ይሏቸዋል፣ አያት ዘይነብ። ይማምን «ወለዲ» ነው የሚሉት፤ ልጄ። ከወጡ ውስጥ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ እየመረጡ ወደሱ ሲገፉ፣ የገዛ ልጃቸው ሙሳ አጥንት ይዞ ያያል። ያ የበርበሬ ጥምጣም ደግሞ ቀይ ሆኖ ሲያየው ይማም አበደ። «ይሄ የመርፈዒን ነው! የደም ልብስ!» ብሎ ወሰደብኝ።

ጁምዓ

ከሰላት በኋላ ሰዓዳንና አራት የወሎ ሴቶችን ይዤ ሄድኩ። እምቢ ብለው ነበር፤ «እኔ እህቱ እያየሁ እናንተ ምን ያሳፍራችኋል?» ብዬ ነው የጎተትኳቸው። ግቢው ጢም ብሏል። ቤተሰብ ከነልጁ፣ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ጎረምሳ። ሐቦባ ዘይነብ ከሁሉ ፊት በገመድ የተሠራች አጭር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። እጅ ነሳሁ፣ ሳሙኝ፣ እኔንም አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ሙሳ አረንጓዴ ለብሶ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ጣታቸውን ቀጭ እያደረጉ «አብሽር! አብሽር!» ይላሉ። ይህን የአይዞህ ቃል ወሎ ብቻ የምንለው ይመስለኝ ነበር።

ቀጥሎ ጅቡ ገባ። ያን ቀይ ጥምጣም ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ጥርሱን አግጦ። ወንድሜ መሆኑን ባላውቅ እኔም እጠላው ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ሐቦባ ዘይነብ፣ ትናንት ሥጋ ሲያጎርሱት ያመሹት ሴትዮ፣ ከዱካቸው ተነስተው ጣታቸውን ቀሰሩበት፤ ያን ሁሉ እርግማን የት አስቀምጠውት እንደነበር! ሰዓዳ መተርጎሙ አፍሯት አፏን ያዘች። «ትናንት ልጄ ሲሉት አልነበረም?» ብላት «እትዬ፣ ዛሬ ጅብ ነዋ!» አለችኝ።

ይማም መሀል ወጣና ፎከረ። በአማርኛ! አንድ እጁን አንስቶ፣ ደረቱን እየደቃ፣ «ዘራፍ!» ሲል አጥሩ ላይ ያሉት ሁሉ አጓሩ። ምን እያለ እንደሚፎክር የገባን እኛ ስድስታችን ብቻ ነን። «ዘራፍ! እታለም ፀሐይ ላይ ነሽ! ዘራፍ! ሰዓዳ ወደ ጥላው አስጠጊያት! ዘራፍ! ውሃ ጠጡ!» ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ሕዝቡ ግን እናቱን የሰደበው መስሎት ጫማ መወርወር ጀመረ። ሲፊንጃ የሚሉት የላስቲክ ነጠላ ጫማ እንደ በረዶ ዘነበበት። እሱ አንዱን አንስቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ፤ ግቢው በሳቅም በንዴትም ሊፈርስ ደረሰ።

ትግሉ ተጀመረ። መጀመሪያ እንደተያያዙ ሙሳ አስነጠሰ፤ የእማዬ በርበሬ ከጥምጣሙ ገና አልለቀቀም። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሻለሁ። ወንድሜ ሲወድቅ ላለመጮህ ተዘጋጅቻለሁ፤ ለሱ ብቻ ነበር የተዘጋጀሁት።

ያልጠበቅኩት የሙሳን መውደቅ ነው። በተረቱ ጅቡ መጀመሪያ ያሸንፋል። ይማም ሙሳን በወገቡ ይዞ አነሳና ሸራው ላይ አሳረፈው። ያ ጣውላ ሲጮህ ሕዝቡ ደንግጦ ፀጥ አለ፤ በዚያ ፀጥታ መሀል ነጠላዬ ከጥርሴ አመለጠኝ።

«እኔን!»

እኔ ብቻ አይደለሁም። አምስቱም የወሎ ሴቶች ባንድ ትንፋሽ «እኔን! ድፍት ልበልልህ!» ሰው ሲወድቅ ያየ ያገሬ ሰው፣ ጠላቱም ቢሆን፣ አፉ ሌላ ምን ያውቃል? ግቢው ዞሮ አየን። ሐቦባ ዘይነብ ሰዓዳን ያዟት። «ምን አላችሁ?»

«በሱ ፋንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው» አለቻቸው ሰዓዳ በዓረብኛ፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ።

ሐቦባ ዘይነብ ከጎናቸው ላሉት ነገሩ። እነሱም ከኋላ ላሉት። ሰምቶ «ወላሂ?» የሚለው ድምፅ በየወንበሩ እየዞረ ሄደ። ዓም ኩኩ የድምፅ ማጉያውን አነሳና ለሕዝቡ አወጀ፤ ሰዓዳ እንደተረጎመችልኝ፣ «የጅቡ እህት መጥታለች! ለአዞው አዘነች!»

ጨዋታውን ያበላሸሁት መሰለኝ። ይማም ገመዱ ጋ መጣ። ዓይኑ ውስጥ ሳቅ አለ፣ ፊቱ ግን የጅብ ነው። «አንቺ!» ብሎ ጮኸብኝ። «የማን እህት ነሽ?»

እኔ ደግሞ ሰው ሲጮህብኝ መቀመጥ አልተፈጠረልኝም። ብድግ አልኩ። «ያንተ! ግን እሱም እናት አለችው!» ሰዓዳ ቆማ ተረጎመችው፤ አሁን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ሐቦባ ዘይነብ ደረታቸውን መቱ፤ «እናቱ እኔ ነኝ!» ግቢው ጉድ አለ።

ያን ጊዜ ወንድሜ ያደረገውን ማንም አላዘዘውም፤ ኋላ ሙሳ እንደነገረኝ እነሱ የተነጋገሩት ሌላ ነበር። ወደ ሙሳ ተመለሰ። ሊረግጠው እግሩን አነሳ። ቆመ። ወደኔ አየ። ቀስ ብሎ እግሩን አወረደና እጁን ለሙሳ ዘረጋ። ጅቡ ሊታረቅ ነው? ሙሳ እጁን ያዘ፣ ተነሳ። ከዚያ ጅብ ጅብ ነውና በዚያው በያዘው እጅ ሊጠመዝዘው ሞከረ፤ አዞውም አልማረውም። ከትከሻው በላይ አነሳው። ወንድሜ አየር ላይ ተዘረጋ፤ ያን ትልቅ ገላ እንዲያ ቀላል አድርጎ፣ ቀዩ ጥምጣም ከኋላው እየተከተለው። ከዚያ ወረደ። ጣውላው ጮኸ።

እኔ ቃሌን ጠበቅኩ፤ አልተነፈስኩም። ከጎኔ ግን ሐቦባ ዘይነብ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ኢነን!» አሉ። አጥር ላይ ያሉት ጎረምሶች ተቀበሉ። ሻይ ሻጮቹ፣ አባወራዎቹ፣ ጫማቸውን የወረወሩት ሁሉ፣ ግቢው በሙሉ ለተጠላው ጅብ «ኢነን! ኢነን!» አለ። አፋቸው አላቃናውም፤ ግን ከልብ ነበር። ይማም ዓይኑን ጨፍኖ ተዘርሯል። ደረቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ያ በጨዋታው ውስጥ አልነበረም።

ኮራሁ። ልደብቀው አልችልም፤ አንገቴ ረዝሞ ነበር። በሩቅ አገር፣ የማያውቁት ሰዎች ወንድሜን ጠልተው መጥተው፣ በሱ ፋንታ ልውደቅ እያሉ ሲያዝኑለት ያየሁ እኔ ነኝ። አባታችን በዕድሜው ሙሉ ሰው ሲጥል ተጨብጭቦለታል። ሲወድቅ አገር የጮኸለት ግን ከቤታችን ይማም ብቻ ነው።

ሲያልቅ ይማም ሲፊንጃዎቹን ሰብስቦ በሩ አጠገብ ደረደረ፣ ባለቤቶቹ እየመጡ ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ በአንድ እግራቸው ባዶ መጥተው ጫማቸውን ከእጁ ሲቀበሉ ግንባሩን ሳሙት። ሐቦባ ዘይነብ ደግሞ ራት እንዳይቀር አስጠነቀቁት።

«ሻንጣዬ ታስሯል» አለኝ ይማም፣ ላቡን እየጠረገ። ፊቴን ያነባል።

«ፍታው» አልኩት።

ቅዳሜ

እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ፤ ይማም፣ ሙሳ፣ ሰዓዳ። ሙሳ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ለመንገድ ያዘልኝ። ሰዓዳ የወሎ ሴቶች ከእንግዲህ ጁምዓ ጁምዓ ሶባ እንደሚውሉ ነገረችኝ፤ ተራ ይዘው ከፊት ይቀመጣሉ። ይማም አውቶቡሱ ሲነሳ ከውጭ አንድ እጁን አንስቶ በመስኮቱ «ዘራፍ! እማዬን ሳሚልኝ!» ብሎ ፎከረ። ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞረ። እኔ ብቻ ነበርኩ የማለቅሰው።

ኮምቦልቻ

የመልሱ መንገድ ያው ስለሆነ አልደግመውም። እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። ከኋላዬ ማንም አለመኖሩን አየች፣ ፊቷ ጠቆረ።

«የት አለ?»

«ሥራው ላይ።»

ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጅቡን፣ አዞውን፣ የሠርጉን በር፣ ሐቦባ ዘይነብን፣ ያን ጩኸት። ስጨርስ ዓይኗ ወለሉ ላይ ነበር። ያጠፋሁ መሰለኝ።

ከዚያ ተነስታ የአልጋዋን ፍራሽ ጎትታ ወለሉ ላይ ጣለችው። «አሳዪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ልጄ እንዴት እንደሚወድቅ።»

ነጠላዬን አስቀመጥኩ። አገጬን ደረቴ ላይ አደረግኩ፣ ትንፋሼን አስወጣሁ፣ ወደ ኋላ ለቀቅኩት። መዳፌ ወለሉን በጥፊ ሲለው ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

«እኔን!» ብላ ጮኸች እማዬ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ጎረቤት ሮጦ መጣ። በር ላይ ተሰብስበው እኔን መሬት ላይ፣ እሷን ከላዬ ቆማ ሲያዩ ምን እንደሆንን ጠየቁ። እማዬ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ ቀና ብላ ሁሉንም አየቻቸውና ወደኔ ዞረች።

«ተነሺ» አለችኝ። «እነሱም ይዩት። ድገሚው።»